ኮርቻው ላይ የቀረ ጠመኔ

አሁን በርና መስኮት እበይዳለሁ። ደብረ ማርቆስ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለ አንድ የብረት ሥራ ቤት ተቀጥሬያለሁ። ሥራው ጥሩ ነው። ዓይን ያቃጥላል፤ ቢሆንም ጥሩ ነው። በር ከተገጠመ በኋላ እዚያው ይቆማል። ማንንም ተሸክሞ ቁልቁለት አይወርድም። ቤቴ ስገባ የሠራሁት በር አሁን የት ደርሶ ይሆን ብዬ አላስብም።

ከዚህ በፊት ብስክሌት ጠጋኝ ነበርኩ። ጠጋኝ ስል ጎማም እለጥፍ ነበር፣ ካቴናም እቀይር ነበር፤ ዋናው ሥራዬ ግን ኮርቻ ነበር። ለተወዳዳሪዎች የሚቀመጡበትን ኮርቻ መምረጥ፣ መግጠም፣ ማስተካከል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ ጀምሮ ሌላ ሥራ አላውቅም ነበር። በእኔ ዕድሜ የሥራ ዘመን ትዝታ እንደማይጻፍ አውቃለሁ። እንዲህ ያለውን የሚጽፉት ጡረታ የወጡ፣ ልጅ ያሳደጉ ሰዎች ናቸው። እኔ ግን ከዚያ ሥራ ወጥቻለሁ። ወንድሜም ሞቷል።

አንተነህ ይባላል። ታላቄ ነው፤ አያ ነበር የምለው። ከሮብ ገበያ ወደ ማርቆስ በሚያወርደው መንገድ ላይ፣ ልምምድ ሲሠራ፣ ከብስክሌት ወድቆ ሞተ። የተቀመጠው እኔ በገጠምኩለት ኮርቻ ላይ ነበር።

ይኼን መጀመሪያ የጻፍኩት ሌላው እንዲቀለኝ ብዬ ነው። አልቀለለኝም። ቢሆንም ልቀጥል።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ዳምጤ ናቸው። አባታቸው ይጁቤ ገበያ ላይ የታወቁ የበቅሎ ኮርቻ ሠሪ ነበሩ። ጋሽ ዳምጤም ቆዳ ሲወጥሩና ጠፍር ሲያጠብቁ ነው ያደጉት። ኋላ የኮርቻ ገዢ እየቀነሰ ሲመጣ ማርቆስ ገብተው የብስክሌት ጥገና ቤት ከፈቱ። ሥራ ለወጡ ወይ ሲባሉ ይቆጡ ነበር።

"ምኑን ለወጥኩት?" ይላሉ። "ያኛው በቅሎዋ እንዳትገጠብ ነው። ይኼኛው ሰውየው እንዳይገጠብ ነው።"

ከአባታቸው የወረሱት አንድ ልማድ ነበራቸው። አባትየው መንገደኛ በቅሎ ከመጣች በኋላ ኮርቻዋን አውርደው ጀርባዋን ያዩ ነበር። ጀርባዋ እኩል ካላበ ኮርቻው ልክ ነው። በላቡ መሃል ደረቅ ቦታ ከታየ ግን እዚያ ላይ ኮርቻው ተጭኖ አፍኗታል ማለት ነው። ዛሬ ምንም አይታይም፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ግን እዚያው ይቆስላል። ጋሽ ዳምጤ ይኼን ወደ ብስክሌት አመጡት። ተወዳዳሪ ከረጅም መንገድ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያዩት ኮርቻውን ነው። የላቡ ጨው የት ደረቀ? ቆዳው የት ጋ አብረቀረቀ? ወደ ግራ የበለጠ ከሆነ ሰውየው ተንሻፎ ተቀምጧል። ጫፉ ጋ ከሆነ፣ አፍንጫው ጋ እንላለን እኛ፣ ወደ ፊት እየተንሸራተተ ነው።

ከዚያ ሰውየውን ያዩታል። "ያምሃል?" ብለው ጠይቀው አያውቁም። በሩ አጠገብ ደረቅ የእንጨት ዱካ ነበረቻቸው።

"ና እስቲ አረፍ በል" ይሉታል።

ተወዳዳሪው ዱካዋ ላይ ሲቀመጥ ጋሽ ዳምጤ ጎማ የሚፈትሹ መስለው ይሰልሉታል። በአንድ ጎን ከተቀመጠ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ ተክሎ ቀስ ብሎ ከወረደ፣ ከተቀመጠም በኋላ ከተቁነጠነጠ፣ ሁሉንም ያውቁታል። ለእኔ ዝቅ ባለ ድምፅ ይነግሩኛል።

"በቅሎ አትናገርም፣ ስለዚህ ታያታለህ። ሰው ይናገራል፤ ግን በዚህ ነገር ላይ ይዋሻል። ስለዚህ እሱንም ታየዋለህ።"

እውነታቸውን ነበር። የሚያመው ቦታ ስሙ የሚጠራ አይደለም። ገበሬዎቹ የብስክሌተኛውን አጭር ጠባብ ቁምጣ አይተው "ልጄ፣ ሱሪህን ማን ወሰደብህ?" እያሉ የሚስቁበት አገር ነው። እንዲህ እየተሳቀበት የሚወጣ ልጅ ደግሞ ተመልሶ መጥቶ እዚህ ጋ አመመኝ አይልም።

መጠን የሚለኩት በጭቃ ነበር። ጠፍጣፋ ገበታ ላይ ርጥብ ሸክላ አፈር ያነጥፉና ፌስታል ያለብሱታል። ሰውየው ይቀመጥበታል። ሲነሳ ሁለት ጎድጓዳ ምልክት ይቀራል፤ የመቀመጫው አጥንቶች ናቸው። በሁለቱ መሃል ያለው ርቀት ነው የኮርቻውን ስፋት የሚነግረን። ሰው ወፍራም ስለሆነ ሰፊ ኮርቻ አያስፈልገውም። ቀጭን ሆኖ ሰፊ አጥንት ያለው አለ። አንተነህ እንዲህ ነበር። የተለካ ቀን ጭቃውን አይቶ፣

"ጋሽ ዳምጤ፣ ይኼን አድርቀው ለእናቴ ይስጧት፣ ድስት ታስቀምጥበታለች" አላቸው።

"እናትህ ድስቷን ታከብራለች" አሉት።

መጀመሪያ ካስተማሩኝ ነገር የማልረሳው ከደጀን የመጣው ልጅ ነው። ኮርቻው ላይ የፍራሽ ስፖንጅ ደራርቦ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ በገመድ አስሮ መጣ።

"ምንድን ነው ይኼ?" አሉት ጋሽ ዳምጤ።

"ለምቾት ነው።"

"ተኝተህ ነው እንዴ የምትነዳው?"

ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው ግን ስፖንጁን በቢላዋ ቆርጠው ጣሉትና ቁጭ ብለው አስረዱን። ለስላሳ ነገር ሲቀመጡበት ይሰምጣል። አጥንቱ ሲሰምጥ መሃሉ ወደ ላይ ይነሳና አጥንት የሌለበትን ቦታ ይጫናል፤ ደም የሚመላለስበትን። መጀመሪያ ያማል። ከዚያ ይደነዝዛል። ሲደነዝዝ ሰውየው የተሻለው ይመስለዋል።

"እኔ የምፈራው መደንዘዝን ነው" አሉ። "ያመመው ሰው ይነቃነቃል፣ ይነሳል፣ ይወርዳል። የደነዘዘው ዝም ብሎ ይቀመጣል።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም መደንዘዝን ፈራሁ። ያኔ ግን ፍርሃቱ የትምህርት ፍርሃት ነበር። እንደ አሁኑ አይደለም።

ለጥቂት ጊዜ በአንድ ክለብ ውስጥም ሠርቻለሁ። ከቡድኑ ጋር በመኪና እየተከተልኩ ጎማና መፍቻ እሸከም ነበር። ደመወዙ እየዘገየም ቢሆን ይመጣ ነበር፤ ስለሱ ሌላ የምለው የለኝም። አሰልጣኙ ደግ ሰው ነበር፤ ጩኸት ግን ይወዳል። "ጥርስህን ንከስ!" ነው ቃሉ። ጎማ ቢፈነዳም፣ ዝናብ ቢዘንብም፣ ጥርስህን ንከስ። ልጆቹ ነከሱ። አመመኝ ያለ በሚቀጥለው ውድድር ቤቱ ይቀራል፤ ይኼ ያልተጻፈ ደንብ ነበር። ወንድሜም እዚያ ነው የተወዳደረው። ጥርስ መንከስ እዚያ በደንብ ተማረ።

አንድ ቀን ከልምምድ ሲመለስ ዓይኑ እያበራ መጣ።

"ይበልጣል፣ ትራያትሎን ልገባ ነው።"

"ምንድን ነው?"

"መጀመሪያ ትዋኛለህ። ከውኃ ወጥተህ እንደረጠብክ ብስክሌት ላይ ትወጣለህ። ከብስክሌት ወርደህ ደግሞ ትሮጣለህ። ሁሉም በአንድ ቀን፣ ሳያርፉ።"

"አያ፣ ንስሐ ነው እንዴ? ምን አጥፍተህ ነው?"

ሳቀ። ዋና የተማረው ልጅ ሆኖ ጨሞጋ ወንዝ ውስጥ ነው፤ ኋላ ባሕር ዳር እየሄደ ሐይቁ ላይ ተለማመደ። ውድድሩም እዚያ ነበር የሚሆነው። አብራው የምትለማመድ ሰርካለም የምትባል የሮብ ገበያ ልጅ ነበረች። ሯጭ ነበረች፤ ብስክሌት ያስለመዳት እሱ ነው። እንደ እህቱ ነበር የሚያያት።

ለትራያትሎን ኮርቻ መምረጥ ሌላ ሥራ ነው። እዚህ ላይ ነው ጋሽ ዳምጤም እኔም የተቸገርነው። ተራ ብስክሌተኛ ቀና ብሎ ይቀመጣል፤ ክብደቱ በሁለቱ አጥንቶች ላይ ነው። የትራያትሎን ተወዳዳሪ ግን ነፋሱን ለመቁረጥ ወደ ፊት ተኝቶ ክንዶቹን መሪው ላይ ያሳርፋል። ያን ጊዜ ዳሌው ወደ ፊት ይገለበጣል። ጭቃው ላይ የለካናቸው አጥንቶች ከኮርቻው ይነሳሉ። ክብደቱ ወደ አፍንጫው ይሄዳል፤ አጥንት ወደሌለበት። በዚያ ላይ ልብሱ ከውኃ የወጣ፣ ርጥብ፣ ስስ ነው። እንደ ብስክሌተኛ ወፍራም ቁምጣ አይለብስም፤ ቀጥሎ ይሮጥበታላ። ረጅምና ቀጭን አፍንጫ ያለው ኮርቻ እንደዚህ ለተኛ ሰው ክፉ ነው። የሚያስፈልገው አፍንጫው አጠር ያለ፣ ፊቱ ሰፋ ያለ፣ መሃሉ ክፍት የሆነ ነው። ማርቆስ ላይ እንዲህ ያለ የለም። ከአዲስ አበባ ያገለገለ አስመጣን። አልሆነም ብለን ሌላ አስመጣን። እያንዳንዱን ገጥሜ በውኃ ልክ አስተካክዬ እልከዋለሁ። ሲመለስ፣

"እንዴት ነው አያ?"

"ምንም አይል።"

"ይደነዝዛል?"

"ምንም አልኩህ እኮ።"

ከዚህ በላይ አልጠየቅሁም። ወንድምና ወንድም ስለዚያ ቦታ አይነጋገሩም። ፊቴን አዞርኩ፤ እሱም አዞረ። ጋሽ ዳምጤ ዱካዋን ገፋ አደረጉለት። አንተነህ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፤ እግሩን አነባብሮ እንደ ዳኛ። ጋሽ ዳምጤ አይተውት ራሳቸውን ነቀነቁ። "ልክ ነው" አሉኝ ቀስ ብለው።

ልክ አልነበረም። አንተነህ ያቺን ዱካ ያውቃታል። ከእኔ ጋር እዚያ ቤት ውሎ የሚያድር ሰው ነበር። ጋሽ ዳምጤ ተወዳዳሪዎችን እንዴት እንደሚሰልሉ እሱም እንደ እኔ አይቷል። እንዴት ቢቀመጥ እንደሚያልፍ ያውቅ ነበር። አመመኝ ቢል ውድድሩ ይቀርብኛል ብሎ ፈራ። እኔ እንዲህ ነው የማስበው።

የዚያን ጠዋት ነገር ብዙ አልጽፍም። ከጮቄ ተራራ በኩል ጉም ወርዶ ነበር። አስፋልቱ ርጥብ ነው። ወደ ገበያ የሚሄዱ አህዮች መታጠፊያው ላይ መንገድ አቋረጡ። ፍሬን ሊይዝ አልቻለም፣ ወይም ዘግይቶ ያዘ። እዚያ የነበሩ ሰዎች የነገሩን ይኼን ነው።

ብስክሌቱን ሲመልሱልን ግቢ ውስጥ አቁሜ አየሁት። የፊት ቸርኬው ተጣሟል። ኮርቻው ግን ደህና ነው። ደህና ሆኖ አፍንጫው ወደ ታች ተደፍቷል። እኔ እንደዚያ አልገጠምኩትም። ጎንበስ ብዬ ብሎኑን አየሁ። ብሎኑ ላይ የፒንሳ ጥርስ አለ። ሲያመው፣ ለእኔ ሳይነግር፣ መንገድ ዳር ቆሞ ብሎኑን በፒንሳ አላልቶ ደፍቶታል።

አፍንጫው ሲደፋ ሕመሙ ይቀንሳል። ሰው ግን ወደ ፊት ይንሸራተታል። እንዳይንሸራተት ክብደቱን በእጁ ይይዛል። ረጅም ቁልቁለት ላይ በእጁ ሲይዝ እጁ ይደነዝዛል። የደነዘዘ እጅ ደግሞ ፍሬን ሲይዝ መያዙን አያውቅም።

ኮርቻው ነው ብዬ አልልም። ጉሙም ነበር፣ አህዮቹም ነበሩ። አይደለም ብዬ ግን አልምልም።

ለቅሶ ላይ ጋሽ ዳምጤ ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው ነበር። ሊሄዱ ሲነሱ ሸኘኋቸው። በሩ ላይ ቆሙ።

"ዱካዋን ፈልጬ አነደድኳት" አሉኝ።

ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"በቅሎ አታስመስልም፣ ይበልጣል። እኔ ሰውን በበቅሎ ልክ አየሁት። አፍ ያለውን ሰው መጠየቅ ነበረብኝ።"

እጃቸውን ስሜ ተሰናበትኳቸው። ከዚያ በኋላ መፍቻ መያዝ አልቻልኩም። ብሎን አጠብቃለሁ፤ ተመልሼ አጠብቃለሁ፤ ሰውየው ከሄደ በኋላ ሮጬ ደርሼ እንደገና አጠብቃለሁ። አንዱ ደንበኛ "አንተ ልጅ፣ ብስክሌቴን ልታስቀርብኝ ነው እንዴ?" አለኝ። መንገድ ላይ የብስክሌት ሽርተታ ስሰማ እጄ ላይ ያለውን ጥዬ በሩ ላይ እወጣለሁ። የመልቀቂያ ደብዳቤ የሚባል የለም እኛ ጋ፤ የቤቱን ቁልፍ ለጋሽ ዳምጤ መለስኩላቸው። አልለመኑኝም።

በር መበየድ የጀመርኩት እንዲህ ነው።

ከአርባው በኋላ እናቴ የአንተነህን ብስክሌት ለሰርካለም ሰጠቻት። አልጠየቀችኝም። ቸርኬውን አስጠግና፣ ጎማውን አስቀይራ ነው የሰጠቻት።

"ግድግዳ ተደግፎ ሲያየኝ አልችልም" አለች። "እሷ ትንዳው። እሱም ይኼንኑ ነበር የሚል።"

ብዙም ሳይቆይ ሰርካለም ሥራ ቤቴ ድረስ ብስክሌቱን እየገፋች መጣች። እኔ በር ላይ ጎንበስ ብዬ እበይዳለሁ። ብስክሌቱን በመነጽሬ ጥቁር መስተዋት ውስጥ አየሁትና እጄ ቆመ።

"ይበልጣል፣ ኮርቻውን እይልኝ።"

"ትቼዋለሁ ያን ሥራ።"

"አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ።"

"ጋሽ ዳምጤ ጋ ሂጂ።"

"ሄድኩ። 'እኔ ከእንግዲህ ጎማ እንጂ ሰው አላይም' አሉኝ።"

"ሰርኬ፣ እኔም አልችልም። ያጠበቅሁትን ብሎን አላምነውም።" እውነቴን ነው።

ብስክሌቱን ግድግዳ አስደገፈች። ከዚያ፣

"እሺ በቃ። ራሴው አስተካክለዋለሁ" አለችና ከቦርሳዋ ፒንሳ አወጣች።

ፒንሳውን ሳይ የሆንኩትን መጻፍ አልችልም። ከእጇ ቀማኋት። የሥራ ቤቱ ሰዎች ዞረው አዩን። አንዱ "ፍቅር በፒንሳ ነው ዘንድሮ?" አለ። ማንም አልሳቀለትም።

"ወዴት ነው የምታዞሪው?" አልኳት።

"ወደ ታች። አፍንጫውን ወደ ታች።"

"ማን አሳየሽ?"

"እሱ ሲያደርግ አየሁት።" አንገቷን ደፋች። "ሲነዳም አየው ነበር። ቶሎ ቶሎ ፔዳሉ ላይ ይቆም ነበር፣ መቀመጥ እንዳቃተው። ምን ብዬ ልንገርህ? ሴት ልጅ ምን ብላ?"

አልተቆጣኋትም። እኔም ወንድሙ ሆኜ አልጠየቅሁት። ሁላችንም አይተናል፤ ወይም ለማየት ተቀምጠናል። አንድ ሰው እንኳ አፍ አውጥቶ አልተናገረም።

በዚያው ቀን እናታችን ግቢ ውስጥ ከበር ብረት ቆራርጬ ማቆሚያ ሠራሁና ብስክሌቱን አቆምኩት። ሰርካለም ወጥታ ወደ ፊት ተኝታ ፔዳል መታች። እናቴ ምስር እየለቀመች መደቡ ላይ ተቀምጣለች። እኔ ከብስክሌቱ ኋላ ቆሜያለሁ። መጠየቅ አለብኝ። ጋሽ ዳምጤ ያሉት ይኼን ነው፤ አፍ ያለውን ሰው መጠየቅ። ግን እንዴት? የሰውን ልጅ፣ ያውም እናቴ ፊት፣ የት ጋ ነው የሚያምሽ ይባላል? አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ።

"ምን ይፈዛል ይኼ?" አለች እናቴ።

እጄን ኪሴ ስከት ጠመኔ አገኘሁ። ብረት ከመቁረጤ በፊት ምልክት የማደርግበት ነው፤ ሁልጊዜ ኪሴ ውስጥ አለ።

"ሰርኬ፣ ውረጂ። ይኼን ያዢ። አንቺ ላይ አይደለም፣ ኮርቻው ላይ፣ የሚወጋሽ ቦታ ላይ ምልክት አድርጊ። የሚደነዝዝሽ ቦታ ላይ ደግሞ ሁለት። እኔ ፊቴን አዞራለሁ።"

ቀላች። ጠመኔውን ግን ተቀበለችኝ። ዞርኩ።

"እሳቸውም ይዙሩ" ስትል ሰማሁ።

"እኔ?" አለች እናቴ። "እኔማ ሁለት ልጅ ወልጃለሁ፣ ምን የማላውቀው ነገር አለ?"

"እትዬ የሻረግ፣ በእናትዎ።"

"እሺ፣ እሺ። ዞርኩ ይኸው።"

ግድግዳውን እያየሁ ጠመኔው ቆዳው ላይ ሲፋቅ ሰማሁ። ብዙ ፋቀች። ያን ያህል ብዙ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር። "ጨረስኩ" ስትለኝ ዞሬ አየሁ። አፍንጫው ነጭ ሆኗል። ቀኝ ጠርዙ ላይ አንድ ወፍራም መስመር አለ። መሃሉ ላይ ሁለት ሁለት ምልክት ተደርድሯል። ይኼ ሁሉ እያለ እሷ ያለችኝ "ኮርቻውን እይልኝ" ብቻ ነበር።

አንተነህም ጠመኔ ቢሰጠው ኖሮ ብዬ አሰብኩ። እዚያው ቁጭ አልኩ። እናቴ መጥታ ትከሻዬን ያዘች።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሥራ ሆነ። ያን ኮርቻ ፈታሁት። ጋሽ ዳምጤ ጋ ሄጄ አፍንጫው አጭር፣ መሃሉ ክፍት የሆነውን አመጣሁ፤ ለአንተነህ አዝዘንለት ከሞተ በኋላ ስለመጣ መደርደሪያ ላይ ቀርቶ ነበር። ሲሰጡኝ እጃቸውን ቶሎ አላነሱም። በውኃ ልክ አስተካከልኩት። ትንሽ ዝቅ አደረግሁት፤ ሰርካለም እግሯ ሲዘረጋ ዳሌዋ ግራ ቀኝ ይሄድ ነበር፤ የቀኙ መስመር ከዚያ ነው የመጣው። ተለማምዳ በመጣች ቁጥር ጠመኔ እሰጣታለሁ፣ ፊታችንን እናዞራለን። ምልክቶቹ እየቀነሱ ሄዱ። ሲቀንሱ ግን ደስ አላለኝም። አንድ ቀን ዞሬ ሳይ ኮርቻው ጥቁር ነው፤ ምንም ምልክት የለም።

"ምንም የለም ዛሬ" አለችኝ።

ያቺ ቃል። አያም እንዲሁ ነበር የሚለኝ።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ምንም አልኩህ።"

በማግስቱ ከሮብ ገበያ ወደ ማርቆስ በዚያው መንገድ እንደምትወርድ ነገረችኝ። ውድድሩ ተቃርቧል፤ ረጅም ቁልቁለት ሳትሞክር መሄድ አትችልም። ተይ ማለት አልቻልኩም። ሌላ መንገድ የለም፣ ቤቷም እዚያ ነው። ሥራ ቤቱን አስፈቅጄ ከመታጠፊያው በታች ሄጄ ቆምኩ። ጉም ነበር። አንድ አይሱዙ ወረደ። ገበሬዎች ወረዱ። ከላይ የሚመጣ ድምፅ ሁሉ የብስክሌት ይመስለኛል። ትመጣለች ያልኩበት ሰዓት አለፈ። ጠመኔው ኪሴ ውስጥ ተሰባብሮ ዱቄት ሆኗል፣ አላወቅሁም። ወደ ላይ መሄድ ጀመርኩ፤ ከዚያ መሮጥ።

መታጠፊያውን ሳልደርስ ከጉሙ ውስጥ ሰው ወጣ። በእግሩ ነው። ሄልሜት አድርጓል። ብስክሌት እየገፋ ነው።

ሰርካለም ነች። ጫማዋ የብስክሌት ስለሆነ አስፋልቱ ላይ ቀጭ ቀጭ እያለ ያስነክሳታል።

"ምን ሆንሽ? ወደቅሽ?"

"አልወደቅሁም። እጄ ደነዘዘ።" ጣቶቿን እየጨበጠች ትከፍታለች። "መጀመሪያ አላወቅሁትም። ፍሬኑን ስይዝ ግን የያዝኩት አልመሰለኝም። ከዚያ ወረድኩ።"

"ከየት ጀምረሽ ነው በእግርሽ?"

"ከላይ። ከላይ ነዋ። ገበሬዎቹ ሲስቁብኝ ነው የመጣሁት። አንዱ ሽማግሌ 'አንቺ ልጅ፣ አንቺ ነሽ የምትሸከሚው ወይስ እሱ?' አሉኝ።"

መንገድ ዳር ተቀመጥኩ። ሳቄ መጣ፣ ለቅሶም መጣ። እሷ ብስክሌቱን ድንጋይ ላይ አስደግፋ መጣች።

"ጠመኔ ስጠኝ" አለች።

ከኪሴ የተረፈውን ቁራጭ ሰጠኋት። ልዞር ስል፣

"አትዙር" አለች። ኮርቻው ጫፍ ላይ አንድ መስመር ሰራች፤ ከዚያ መሪው ላይ፣ እጇ የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ሁለት። "ትናንት ይኼ ነበር። ምንም የለም ያልኩህ ውድድሩን ታስቀረኛለህ ብዬ ነው።"

አየሁት። ኮርቻው ከውኃ ልኩ ትንሽ ተደፍቷል፤ ብሎኑ መንገዱ እያንገጫገጨው ላልቷል። የክንድ ማሳረፊያውም ለእሷ ዝቅ ብሏል፤ የአንተነህ ልክ ነበር፣ አልቀየርኩትም። ሁለቱም የሚስተካከል ነገር ነው። መፍቻ ይዤ ነበር፤ ግን እዚያ አላስተካከልኩትም። ጉም ውስጥ ያጠበቅሁትን ብሎን ስለማላምነው ነገ ብዬ ተውኩት። ብስክሌቱን እኔ እየገፋሁ፣ እሷ ጫማዋን አውልቃ በካልሲ እየሄደች፣ ማርቆስ ገባን።

እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። ከየት ጀምራ እንደቆመች እግዜር ይወቅ። መጀመሪያ ያየችው ብስክሌቱን ነው፤ ከዚያ እኔን፤ ከዚያ ሰርካለምን።

"በእግሯ ነው የመጣችው?" አለችኝ።

"በእግሯ።"

"ያን ሁሉ መንገድ?"

"ያን ሁሉ። አመመኝ ብላ ወርዳ።"

እናቴ ሰርካለምን ጎትታ መደቡ ላይ አስቀመጠቻት። ካልሲዋን አወለቀችላት። እግሯ ጥቁር ሆኗል፣ አንዱ ጣቷ ደምቷል። ሰርካለም "እትዬ የሻረግ፣ ተዉ፣ እኔ እታጠባለሁ" ብላ እግሯን ልትሰበስብ ስትል እናቴ ቁርጭምጭሚቷን ያዘቻት። ለብ ያለ ውኃ በሳፋ አስመጣችኝና ጎንበስ አለች።

"ይኼን እግር ይባርክልሽ" አለች፣ እያጠበቻት። "ይባርክልሽ።"

ውድድሩ ገና ነው። እፈራለሁ፤ እስከዚያም እፈራለሁ፣ ከዚያም በኋላ። ብስክሌቱ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ነገ ብሎኑን አስተካክላለሁ፤ የሰርካለምን የጠመኔ ምልክት ግን አልጠረግሁትም፣ እሱን እያየሁ ነው የማስተካክለው።